ፔኒሲሊን በአጥር በኩል

…ስተኛም አይደለም፣ ስቀመጥም አይደለም፣ አየር ሳስገባ ብቻ ነው የሚወጋኝ፣ በቀኝ በኩል፣ ከጡቴ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሰው ወስፌ ይዞ ጎኔ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ነው የሚመስለው፣ በትንሹ ከተነፈስኩ ዝም ይለኛል፣ ሙሉ ልተንፍስ ስል ይነሣብኛል፣ እኔም አየሩን እንደ በርበሬ እየቆነጠርኩ ማስገባት ለምጃለሁ፣ ቆንጠር፣ ቆንጠር። ውጋት። እምዬ ቤቴ መጥታ ፊቴን እንዳየች ያለችው ይህንኑ ነው፣ ውጋት ይዞሻል አንቺ፣ እዚህ ሆስፒታል ደግሞ ዶክተሯ ዳሌኬት ሬኦት አለችኝ፣ ልጄ ሊሂ ይህን ለአያቷ በአማርኛ ልትነግራት ቃል ስትፈልግ ቆይታ የሳምባ መቃጠል አለች፣ እምዬ ሳቀችባት፣ ሳምባ ምች በይ፣ ስም አለው እኮ።

ከሰዓት በኋላ ነው መሰለኝ። ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ እግሬ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝቷል፣ ባሕሩ ከዚህ አይታይም፣ ግን የኔታንያ የክረምት ፀሐይ ከባሕር በኩል ስትመጣ ጨው ጨው ትላለች፣ ወይም ትኩሳቱ ነው ጨው ጨው የሚለኝ። ክንዴ ላይ መርፌ፣ ከመርፌው ቱቦ፣ ከቱቦው ላይ ከረጢት፣ ጠብ፣ ጠብ። አንቲቢዮቲካ። አፍንጫዬ ላይ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፋብኛል፣ የወገራ ንጋት ነው የሚመስለው፣ ከብቶቹ ሲወጡ ፊት ላይ የሚመታው። እምዬ ፈንታዬ ነጠላዋን ተከናንባ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከረጢቱን ታየዋለች፣ ዓይኗን አትነቅልም፣ ጠብታው ቢቆም ተነሥታ የምትጣላው ነው የሚመስለው። እምዬ፣ ደክሞሻል፣ ቤትሽ ሂጂ። ዝም በይና ተንፍሺ።

ተንፍሺ ትለኛለች። እሺ።

ሕመሙን ከጋን ነው ያመጣሁት፣ ከምሠራበት ከሕጻናት መዋያው፣ ክረምት በገባ ቁጥር አፍንጫው የማይፈስ ልጅ የለም፣ ኖአ የምትባለዋ ጠጉረ ቀይ ትንሽዬ እናቷ ስትናፍቃት ጭኔ ላይ ወጥታ ፊቷን አንገቴ ውስጥ ትቀብራለች፣ ያን ቀን ገላዋ ምድጃ ነበር፣ አስነጠሰች፣ ዓይኔ ላይ፣ አፌ ላይ፣ ምን ልበላት፣ ጠረግኳትና እኔም ተጠረግሁ። ከዚያ አጥንቴን ቆረጠመው፣ ራሴ፣ ወገቤ፣ የዓይኔ ኳስ ሳይቀር። የሰፈራችን ሐኪም ዶክተር ዬዲዲያ በአፍንጫዬ ቀጭን እንጨት ከቶ መረመረኝ፣ ማናለሽ፣ ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ቪሩስ ነው፣ ባክቴሪያ አይደለም፣ አንቲቢዮቲካ ቪሩስን አይነካውም፣ ብሰጥሽ ሆድሽን ከማበላሸት በቀር ምንም አይሠራልሽም፣ ተኚ፣ ጠጪ፣ ለትኩሳቱ ይህን ኪኒን ውሰጂ፣ ግን ስሚኝ፣ ተሽሎሽ ከቆየ በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶ ከመጣ አትጠብቂ፣ ነይ። እኔ ተኚ ያለውን ሰማሁ። ነይ ያለውን አልሰማሁም።

እምዬ ተቆጣች። ባዶ እጅሽን ሰደደሽ? ሐኪም ቤት ሄዶ ባዶ እጅ? ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ካለው ቤቷ ፌስታል ይዛ መጣች፣ ፌስታሉ ውስጥ ከየሰዉ የተረፈ ኪኒን፣ ጎረቤቷ ኤሊሸቫ ጥርሷን ስትታከም የተረፋት፣ ወንድሜ ጋሹ ጉሮሮውን ታሞ የተወው፣ ቀይና ቢጫ፣ ነጭ ረጅም፣ ከነዚህ አንዱ አያጣሽም ልጄ፣ ዋጪ። ሊሂ ነርስነት ትማር የለ፣ ዘላ ተነሣች፣ ሳቭታ፣ አያቴ፣ ሎ፣ ሎ፣ ይኼ አይሆንም፣ ይኼ ለባክቴሪያ ብቻ ነው፣ ደግሞ ሰው ጀምሮ ሲተወው ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ጠንካሮቹ ይቀራሉ፣ በኋላ መድኃኒቱ የእውነት ሲያስፈልግ ጠንካሮቹ አይሰሙትም። እምዬ አሰበች። ጠንካራው ይቀራል? አዎ ሳቭታ። እንግዲህ ያውም እንደኛ ነዋ፣ አለችና ፌስታሉን ቋጥራ ጭኗ ሥር ሸጎጠችው፣ አልጣለችውም፣ እምዬ መድኃኒት አትጥልም፣ ለምን እንደማትጥል አውቃለሁ።

ከዚያ ተሻለኝ እኮ። ክፋቱ እሱ ነው። ተሻለኝ፣ ታጠብኩ፣ ወደ ጋን ተመለስኩ፣ ልጆቹ እግሬን አቀፉ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ወደ ቤት ስመለስ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ብርቱካን እልጣለሁ፣ ድንገት ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ፣ ከውስጥ፣ ብርዱ ከውጭ አይደለም፣ ከአጥንት ነው፣ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ጃኬቷን ልታለብሰኝ አወለቀች፣ እኔ ደግሞ ምንም አይደለም ቪሩስ ነው እላታለሁ፣ መድኃኒት የለውም፣ ይሄዳል። እቤት ገብቼ ጋቢ፣ ጋቢው ላይ ብርድ ልብስ። ይሄዳል። ሳልሁ፣ አፌን የጠረግሁበትን ወረቀት አየሁት፣ አክታው የዛገ ብረት ቀለም፣ አጠፍኩና ጣልኩት። ይሄዳል።

እምዬ መጣች። ተነሽ። እምዬ ቪሩስ ነው፣ ሐኪሙ ነግሮኛል። ተነሽ አልኩሽ። ምንም አይሰጡኝም እኮ፣ ዝም ብዬ ልጉላላ? እጇን ጎኔ ላይ አሳረፈች፣ ሽራፊ ትንፋሼን በእጇ አዳመጠችው፣ ፊቷ ተለወጠ፣ እኔ ያን ፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከዚህ በፊት ያየሁት፣ ልጅ ሆኜ። ማኔ፣ ይሄን ሳል አውቀዋለሁ፣ በሰንበት ስም ይዤሻለሁ፣ ተነሽልኝ። ስትለምነኝ ነው የተነሣሁት። ብትቆጣኝ ኖሮ እተኛ ነበር።

ሚዩን፣ ድንገተኛ ክፍል። ሰው፣ አልጋ፣ መጋረጃ። ጣቴ ላይ መቆንጠጫ አደረጉና ነርሷ ቁጥሩን አይታ ፈጠን አለች፣ ያፊት ትባላለች፣ ደረቷ ላይ ተጽፏል፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ ሳምባዬን፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ታየ፣ በቀኝ በኩል ከታች፣ ጉም የተኛበት ሸለቆ። ዶክተር ሳሪት ጉሙን በብዕሯ እየከበበች አሳየችኝ፣ ጉንፋንሽ አይደለም ይህን የሠራው፣ ጉንፋንሽ በሩን ነው የከፈተው፣ የመተንፈሻሽን ግድግዳ ላጠው፣ ከዚያ አፍንጫሽና ጉሮሮሽ ውስጥ ዝም ብሎ ይኖር የነበረ ባክቴሪያ ወደ ታች ወረደ፣ አሁን አንቲቢዮቲካ ያስፈልግሻል፣ አሁኑኑ፣ በደም ሥር። በፊት አያስፈልገኝም ተባልኩ እኮ። ልክ ነው፣ በፊት አያስፈልግሽም ነበር፣ አሁን ግን ያለሱ አይሆንም።

ዝም ብሎ ይኖር የነበረ። እኔው ጉሮሮ ውስጥ፣ እኔ እየዘፈንኩ፣ እየበላሁ፣ ሊሂን እየተቆጣሁ፣ እሱ እዚያ ተከራይቶ። ኪራይ ሳይከፍል።

ያፊት ብዕር ይዛ ቆማለች፣ አለርጂ አለሽ? ለመድኃኒት? ለፔኒሲሊን? እኔ እንጃ፣ ትኩሳት ይዞኝ ቃሉ ራቀኝ፣ አላውቅም አልኳት፣ እምዬ ግን፣ ይህን ሁሉ ዓመት ኖራ ዕብራይስጡ ከሻሎምና ከቶዳ ብዙም አላልፍ ያላት እምዬ፣ ከወንበሯ ቀና አለች። ፔኒሲሊን? አለች። ነርሷ ዞረች። ኬን፣ አዎ፣ ፔኒሲሊን። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፣ አንዷ ምናልባት ሠላሳ ዓመት የሆናት፣ ነጭ ልብስ የለበሰች፣ አንዷ ነጠላ የለበሰች፣ በመካከላቸው አንድ ቃል፣ የማንም ያልሆነ፣ እምዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ፔኒሲሊን ጥሩ፣ ቶቭ፣ ቶቭ መኦድ፣ ልጄን፣ አለች፣ ልጄን አለችና እንባዋ መጣ፣ ያፊት ምን እንዳስለቀሳት አላወቀችም። እኔ አወቅሁ።

እትዬ ዘርፌ።

ስሟን ከራሴ ጋር እንኳ ካልተናገርሁት ስንት ዘመኑ፣ እትዬ ዘርፌ፣ አዲስ አበባ ያከራየችን፣ ከጎንደር መጥተን ወደ ኢየሩሳሌም መሄጃችንን በምንጠብቅበት ጊዜ፣ ጓሮዋ ውስጥ ያለችውን የጭቃ ክፍል ለአባባ፣ ለእምዬ፣ ለኔና ለትንሹ ለጋሹ የለቀቀችልን። እኔ አሥር አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው የሚጮኸው ጩኸት፣ እማማዬ፣ ሰው ከሰው አይሰማማም፣ እምዬ ትናገራለች፣ አባባ ምን? ይላል፣ እምዬ ትደግማለች፣ አባባ ምን? ይላል፣ በመጨረሻ ሁላችንም እንስቃለን፣ ያን ሳቅ አሁን ከየት አመጣዋለሁ፣ አባባ ቃኘውም የለም፣ እዚሁ ኔታንያ ነው የተቀበረው። ግቢው ውስጥ የኮክ ዛፍ ነበረ፣ እኔና ጋሹ ገና ድንጋይ ሳለ እንቀጥፈዋለን፣ እትዬ ዘርፌ አይታ እንዳላየች ትሆናለች፣ ዘወር ብላ ጮክ ብላ ትናገራለች፣ እንግዲህ ወፉ ነው የጨረሰው፣ ትልቅ ወፍ ከጎንደር የመጣ! እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጃፏ ላይ አስቀምጣ ጸጉሬን ትሠራኛለች፣ ጉልበቶቿ መሐል፣ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ ሽንኩርት ነበር የምትነግደው፣ አንቺ ጎንደሬ፣ አትወዛወዢ።

እና ጋሹን ሳል ያዘው። መጀመሪያ ጉንፋን ነበር፣ እኔንም ይዞኝ ነበር፣ እኔን ለቀቀኝ፣ እሱን እንደ ለቀቀው ሆኖ ተመለሰበት፣ ያው ነው፣ ያው የኔው፣ አሁን ነው የገባኝ፣ ሲተነፍስ የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈት ይዘጋ ነበር፣ እንደ ጥጃ። እምዬ ዳማ ከሴ ቀባችው፣ ፌጦ አጠጣችው፣ ነጭ ሽንኩርት ባንገቱ አሰረች፣ አንዲት ጎረቤት ዓይን ነው አለች፣ አንዷ ምች ነው አለች። እትዬ ዘርፌ ገባችና ሸሚዙን ገልባ የጎድን አጥንቱን አየች፣ አየር በሳበ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉደውን። ፈንታዬ፣ ይሄ ሳምባው ነው፣ ልጁ አለቀብሽ። እምዬ ደነገጠች፣ መርፌ ትፈራለች፣ በኛ አገር መርፌ የተወጋ ልጅ ሲሞት አይታ ታውቃለች። ዘርፌ አልተከራከረችም፣ ልጁን ከጭኗ አንሥታ ነጠላዋ ውስጥ ጠቀለለችውና ወጣች፣ እምዬ በባዶ እግሯ ከኋላ፣ እኔ ከእምዬ ኋላ፣ መንገድ ዳር መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር፣ ደረቱን አዳምጦ፣ ፔኒሲሊን ነው የሚያድነው፣ አለ፣ በየቀኑ፣ ሳታቋርጡ፣ ተሻለው ብላችሁ እንዳትቀሩ። መርፌው የብርጭቆ ነበር፣ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ይፈላል፣ የስፒሪቱ ሽታ፣ ጋሹ ያን ዕቃ ሲያይ ነው ማልቀስ የሚጀምረው፣ ዘርፌ በየቀኑ ትወስደው ነበር፣ ሽንኩርቷን ትታ። እና ልጁ በላ። ውሃ ጠየቀ። ከዚያ ኮክ ጠየቀ።

ከዚያ ዓርብ መጣ። ከተማው ጭንቅ ላይ ነው፣ አማፂዎቹ ደረሱ ይባላል፣ መንገዱ ወታደር በወታደር፣ አንድ ሰው እየሮጠ በየቤቱ ይጮኻል፣ ተነሡ፣ ወደ ኤምባሲው፣ አሁን፣ ዛሬ ነው ኢየሩሳሌም የምንሄደው። አባባ ጋቢውን ደረበ። እምዬ ቆመች። መርፌው አላለቀም ቃኘው። ፈንታዬ፣ ዛሬ ያልገባ ይቀራል። ልጁ መንገድ ላይ ቢመለስበትስ? ቢመለስበት ኢየሩሳሌም ሐኪም የለም ወይ፣ ነይ! ሲጮህባት ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ድምፁ ለራሱ ለአባባም አዲስ ሆነበት። ዘርፌ ገበያ ናት። ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠን፣ ስንብት የለ፣ ምን የለ፣ ዛፉን ዞሬ አየሁት፣ ኮኩ ገና አረንጓዴ ነው።

የኤምባሲው ግቢ ሕዝብ ነው፣ የወገራው፣ የደምቢያው፣ የሰሜኑ፣ ሁሉም ያለ ዕቃ፣ ሁሉም ልጁን ታቅፎ። ጋሹ ማለክለክ ጀመረ። እምዬ ወደ አጥሩ ተጠግታ ተቀምጣለች፣ ብረት በብረት የሆነ አጥር ነበር፣ አየር እንዲያገኝ ብላ ነው፣ ያን ጊዜ ነው ያን ፊቷን ያየሁት። እና ከውጭ፣ ከመንገዱ፣ ከጩኸቱ ሁሉ በላይ፣ የጋሹ እናት! ፈንታዬ! ፈንታዬ! አንድ የማውቀው ድምፅ፣ ሽንኩርት ሲሸጥ የሚጮህ ድምፅ። ዘርፌ። ድሬሰሩን በክንዱ እየጎተተች፣ እሱ ያችን የቆርቆሮ ዕቃ በፎጣ ጠቅልሎ ታቅፎ፣ ዘበኛው ወዲያ በሉ ይላል፣ መግባት አይቻልም ይላል፣ ማን ልግባ አለህ አለችው፣ እኔ አልገባም፣ መርፌው ብቻ ነው የሚገባው! ዘበኛው ሳቀ፣ ወይ ደነገጠ፣ ዞር አለ። እምዬ የጋሹን ሱሪ ዝቅ አድርጋ ቂጡን ከብረቱ ጋር አስጠጋችው፣ እኔ እጆቹን ያዝኩ፣ ድሬሰሩ በብረቱ መሐል እጁን አስገባ፣ ጋሹ ጮኸ፣ ግቢው ሁሉ ዞሮ አየን፣ አለቀ፣ አይዞህ አንበሳዬ፣ አለቀ። ከዚያ ዘርፌ ጡቷ ውስጥ ሸጉጣ ያመጣችውን ኪኒን በወረቀት ጠቅልላ አቀበለቻት፣ ድሬሰሩ ነው የሰጠኝ፣ ይሄን ጠዋት ማታ፣ እስኪያልቅ፣ ሰማሽ፣ ተሻለው ብለሽ እንዳትጥዪው። እምዬ በብረቱ መሐል እጇን ያዘቻት፣ ሳመቻት፣ የዘርፌ ፊት በሁለት ብረት መሐል፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ አንድ ቀጭን ፊት ብቻ ነው የሚታየኝ፣ እስካሁን እንደዚያ ነው የማስታውሳት፣ በሁለት ብረት መሐል። ስትደርሱ ንገሩኝ፣ አለች። ልጁ መዳኑን ንገሩኝ። ሰው ገፋን፣ ሕዝቡ ተነሣ፣ እምዬ እጇ ተላቀቀ።

…ሳል። ሳል መጣ። እምዬ ትራሱን ደገፍ አድርጊ፣ ወዲያ አይደለም፣ እንዲህ፣ እሷ ደግሞ፣ ጎንሽን በትራስ እቀፊው ያለችሽ ነርሷ አይደለችም ወይ፣ እሷን ስሚያት፣ ትለኛለች። እቀፊው። አለፈ።

አውሮፕላኑ ወንበር አልነበረውም። ሰንበት ገብቷል፣ በሰንበት መሳፈር? የኛው ቄስ ነፍስ ለማዳን ይፈቀዳል አሉ፣ ወለሉ ላይ ተጣብቀን፣ እምዬ ኪኒኗን በጥርሷ ሰብራ ለጋሹ በጣቷ ትሰጠዋለች፣ ወረቀቷን መልሳ ጡቷ ውስጥ። ስንወርድ ፀሐዩ፣ አስፋልቱ፣ አንዲት ነጭ ሴት ጎንበስ ብላ የጋሹን ደረት አዳመጠችና ልጁን ከእምዬ ክንድ ወሰደችው፣ አምቡላንስ፣ በሩ ተዘጋ። ምን እንዳለች ማናችንም አልሰማንም። ቋንቋ የለንም። እኛን በአውቶቡስ አመጡን፣ እዚህ፣ ኔታንያ፣ ባሕር ዳር ያለ ሆቴል።

ሆቴሉ። አቤት ሆቴሉ። ለእኛ ለልጆቹ ገነት ነበር፣ ኮሪደሩ እንደ መንደር ረጅም፣ ሁሉም በር ዘመድ፣ ጠዋት ጠዋት ኪያርና እንቁላል፣ ሊፍቱን እንደ ፈረስ ስንጋልበው እንውላለን፣ አባባ ግን አንድ ቀን እንኳ አልገባበትም፣ በዚያ ሁሉ ደረጃ ይወጣል፣ ሳጥን ውስጥ በቁሜ አልገባም እያለ፣ ሴቶቹ ጋቢውን መታጠቢያው ውስጥ በእግራቸው ይረግጡታል፣ በረንዳው ሁሉ ነጭ ጋቢ ተሰጥቶበት ሆቴሉ መርከብ ይመስል ነበር። ከቴል ሞንድ እርሻዎች በኩል ነፋስ ሲመጣ የብርቱካን አበባ ይሸታል ይሉናል፣ አባባ በኋላ እዚያ ብርቱካን ለቀማ ሲገባ ሽታውን በሸሚዙ ይዞልን ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር እኔ። እምዬ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ታየው ነበር፣ ባሕር አይታ አታውቅም። አስተርጓሚው ልጁ ደህና ነው፣ ሆስፒታል ነው፣ ይላታል፣ እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ማታ ለአባባ ሞቷል፣ ደብቀውኝ ነው፣ ስትለው በብርድ ልብሱ ሥር ሰምቻለሁ። ኪኒኗ የተጠቀለለችባት ወረቀት እጇ ውስጥ ነበረች፣ አልጨረሰም፣ አልጨረሰም እኮ ቃኘው።

አንድ ጠዋት ሊፍቱ ተከፈተ። ቢጫ ፒጃማ። ጉንጩ ሞልቶ። ጋሹ ነው፣ ከአንዲት ነርስ እጅ አምልጦ በኮሪደሩ እየሮጠ መጣና እምዬ ፊት ቆመ፣ እምዬ ተንበርክካ ደረቱን በጆሮዋ ታዳምጣለች፣ አላቀፈችውም፣ መጀመሪያ አዳመጠች፣ እሱ ደግሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በነርስ ድምፅ፣ ቲንሾም! ኦድ ፓዓም! ቲንሾም! አላት። ተንፍሺ፣ እንደገና፣ ተንፍሺ። ከቤታችን ዕብራይስጥ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሆቴሉ በእልልታ ተናወጠ።

ይኸው መጣ። ስሙን ስጠራው መጣ፣ ጋሹ፣ የአውቶቡስ ሹፌርነት ጃኬቱን እንደለበሰ፣ ከጣቢያው ቀጥታ ነው የመጣው፣ ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ ጢሙ ሸበተ እኮ ይሄ ልጅ። ማ ኒሽማ ማኔ፣ እንዴት ነሽ፣ ገና በሕይወት አለሽ? አታስቀኝ፣ ጎኔ። እምዬን ግንባሯን ሳማት፣ ከረጢቱን አየ፣ ምንድን ነው የሚሰጡሽ? የፔኒሲሊን ዘመድ ነው አለችኝ ዶክተሯ። ጠብ፣ ጠብ።

ዘርፌን አልነገርኳትም፣ አለች እምዬ፣ ለማንም አይደለም፣ ለከረጢቱ። ስትደርሱ ንገሩኝ አለችኝ። በማን እነግራታለሁ፣ መጻፍ አላውቅ፣ ያለችበትን ስም አላውቅ፣ የኮክ ዛፍ ያለበት ግቢ ብዬ ነው ወይ የምልከው? ድኗል ብላ ነው ሞቷል ብላ ነው የምታስበው? እኔ ልጄ የጠፋ ጊዜ ያየሁትን እሷ እስከ ዛሬ እያየች ቢሆንስ።

ጋሹ ባርኔጣውን አወለቀ። እምዬ፣ አልነገርኩሽም እንጂ ሄጄ ነበር። ወዴት? አዲስ አበባ፣ ያኔ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ለሽርሽር የሄድን ጊዜ፣ እነሱ ላሊበላ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ፣ እሷን ፍለጋ። እምዬ ፊቷን አዞረች። ሰፈሩ የለም እምዬ፣ ፈርሷል፣ ፎቅ በፎቅ ነው፣ ጠየቅሁ፣ ሽንኩርት የምትሸጥ ዘርፌ፣ ወጣቶቹ አያውቁም፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ዳር ወጥተዋል የዚያ ሰፈር ሰዎች አለኝ፣ ወደየትኛው ዳር እሱም አያውቅም። ከዚያ? ከዚያ ወደ ኤምባሲው ሄድኩ፣ አጥሩ ጋ ቆምኩ፣ በውጭ በኩል፣ እሷ በቆመችበት በኩል፣ እና እምዬ፣ በሰንበት ስም አልዋሽሽም፣ ቂጤን አመመኝ።

እምዬ ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ወይኔ ጎኔ፣ ወይኔ፣ ያፊት መጋረጃውን ገልጣ ምን ሆናችሁ አለች፣ ጋሹ ሃኮል በሴዴር፣ ሁሉም ደህና፣ አላት። ከዚያ ሳቁ አለቀ። እና ዘርፌ አታውቅም፣ አለች እምዬ። ጋሹ እጇን ያዘ፣ አላውቅም እምዬ፣ ላታውቅ ትችላለች። አላባበላትም። ታውቃለች ቢላት ቀላል ነበር፣ አላላትም፣ ለዚህ ነው ወንድሜን የምወደው። እምዬ የሱን ደረት በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ ያን ሰፊ የሹፌር ደረት፣ በሩን እንደምታንኳኳ። ይሄ ሳምባ የእሷ ነው፣ አለች። አዎ እምዬ። አታጭስበት። እሺ እምዬ። እሺ ሲላት ይህ ስንተኛው ነው፣ እንጃ፣ ሲጋራው ከጃኬት ኪሱ ብቅ ብሎ ይታየኛል፣ እሷም አይታዋለች።

…ዓይኔን ከደንሁ። ኮክ። ቢጫ ፒጃማ። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ፣ አባባ ምን? ይላል፣ ምን?…

እርጥብ። ምንድን ነው እርጥብ፣ ትራሱ፣ አንገቴ፣ ጀርባዬ፣ የሆስፒታሉ ሸሚዝ ገላዬ ላይ ተለጥፏል፣ ላብ፣ ላብ በላብ፣ ነግቷል፣ መስኮቱ ነጭ ሆኗል፣ ከውጭ የአውቶቡስ ፍሬን ይሰማል፣ የልጆች ድምፅ፣ ትምህርት ቤት ሰዓት ነው። ግንባሬን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። የኔ ነው? የኔ ነው። ትንሽ አየር። ቆንጠር። ባለ ወስፌው ሰውዬ ዝም አለ። ትንሽ ጨመር፣ እዚያ አለ፣ ግን አልተነሣም፣ ደክሞታል፣ ወይ ዕቃውን እየጠቀለለ ነው። ሊሂ አልጋው እግር ሥር ወንበር ላይ ተኝታለች፣ ጫማዋን እንዳደረገች፣ መቼ መጣች፣ እምዬ ደግሞ እንደተቀመጠች ነው፣ እንደ ትናንቱ፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ከረጢቱ ተለውጧል፣ አዲስ ነው፣ እሱንም ታየዋለች። ዶክተር ሳሪት ትናንት ያለችው፣ ትኩሳቱ ሲወርድ ወደ ኪኒን እናዞርሻለን፣ ግን ቤት ሄደሽ እስከ መጨረሻው ነው የምትውጪው፣ እምዬ ሊሂ እስክትተረጉምላት አልጠበቀችም፣ አንገቷን ነቀነቀች፣ እስኪያልቅ፣ አለች፣ እኔ አለሁላት።

አርባ ምናምን ዓመቴ ነው። ልጅ አሳድጌያለሁ፣ የሰው ልጅ አሳድጋለሁ፣ አባቴን ቀብሬያለሁ። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም፣ ከረሳሁት ቆይቷል፣ ሕመም መሰለኝ፣ ሕመም አይደለም።

እምዬ።

ወዬ፣ ምነው፣ ወጋሽ? ማንን ልጥራ?

እምዬ፣ ራበኝ።

አላመነችኝም። ቀና ብላ አየችኝ፣ ጎንበስ ብላ አየችኝ፣ ምን አልሽ? ራበኝ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ምንም ይሁን፣ ራበኝ። ተነሣች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ቦርሳዋን ፈለገች፣ ቦርሳዋ እጇ ላይ ነው፣ ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ ትከሻዋ ትንሽ ነው፣ እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላየሁም ነበር፣ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ድምፅ የላትም፣ ሊሂን እንዳትቀሰቅስ ነው፣ እኔ አየር ሳብኩ፣ ሙሉ፣ እስከ ታች ድረስ፣ ወጋኝ፣ ይውጋኝ…